የሠዓሊው ስንቅ፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን እያገናኘ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይጓዛል። አገሩ በጤፉና በስንዴው የታወቀ ነው። ስለ ሥነ ጥበባችን ታሪክ ለሚጠይቅ ሰው ግን ከእህሉ የማይተናነስ ሌላ ሀብት አለው። በቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በመካከል ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ወደ ዓባይ ገባ ብሎ መርጡለ ማርያም፣ በሰሜኑ በኩል ሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። እነዚህ አድባራት የጸሎት ቤቶች ብቻ አልነበሩም። ለብዙ ምዕተ ዓመታት የአገሬው ሰው ሥዕል የሚያይባቸው ዋነኛ አዳራሾች፣ ሠዓሊውም ዓይኑን የሚያሠለጥንባቸው ትምህርት ቤቶች ሆነው አገልግለዋል።

በእነዚህ አድባራት ጥላ ሥር ያደገ ሠዓሊ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ዓይኑን በምን ሞላው? ከማን ወሰደ? የወሰደውንስ ምን አደረገው? ጥያቄው የታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የዛሬው ወጣት ሠዓሊ አባቶቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ያላዩትን ያህል ሥዕል፣ ፎቶግራፍና የልብስ ዓይነት በአንድ ምሽት በእጅ ስልኩ ላይ ያያል። መጽሐፍ በሥዕል የሚያስጌጠውም፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሥለውም፣ ለቲያትር አልባሳት የሚነድፈውም በዚህ ብዛት መካከል ቆሟል። ስለዚህ ቀደምቶቹ በጥቂቱ ስንቅ እንዴት እንደ ተጓዙ መመርመር ለዛሬው ሥራ የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ከውጭ ምንም ያልነካው፣ ከራሱ የፈለቀ ንጹሕ ጥበብ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ሥዕላችን የቢዛንታይንን፣ የጣሊያንንና የፍላንደርስን ሥራ ሲገለብጥ የኖረ እጅ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም የሚመለከቱት ስንቁን ብቻ ነው። አንዱ ስንቁ ከውጭ አልመጣም ሲል፣ ሌላው ከስንቁ በቀር ሌላ ነገር የለም ይላል። የሥዕል ዋጋ የሚለካው ግን ሠዓሊው ከወሰደው ነገር ይልቅ የወሰደውን ለየትኛው ሕግ እንዳስገዛው በማየት ነው።

ቅኔ ቤትና ሥዕል ቤት

የጎጃም ቅኔ ቤት ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ ከደብር ወደ ደብር ይጓዛል። በአኩፋዳው እህል ይለምናል፤ በጆሮው የየመምህራኑን ቅኔ ይለቅማል። መጀመሪያ የሌላውን ቅኔ ሰሙንና ወርቁን እየለየ ያጠናል፤ ቀጥሎ ራሱ ይቈጥራል፤ በመጨረሻም በጉባኤ ቆሞ ይዘርፋል። ይህ ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። በዕለት ንግግር መዝረፍ የሰው ንብረት መንጠቅ ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ያልተሰማ ቅኔ ከራስ አፍልቆ ማሰማት ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ ምንም ሳይሰማ ቅኔ ልዝረፍ የሚልም መሳቂያ ይሆናል።

ሠዓሊው ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም የዚሁ ትምህርት ተካፋይ ነው። ሆኖም የሚሠራበት ሕግ ከባለቅኔው ይለያል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን ሲጠበቅበት፣ ሥዕል በየጊዜው መታወቅ ይጠበቅበታል። በመቅደሱ ግድግዳ ፊት የቆመችው አሮጊት ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ፣ ቅዱስ ሚካኤልን በሰይፉ ወዲያው ለይታ ካላወቀች ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም። በመሆኑም የሠዓሊው ነጻነት የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። ምን እንደሚሥል ተነግሮታል፤ አሳቡን የሚገልጸው በአሣሣሉ ነው። የጎጃምን ሥዕል የሚመረምር ሐያሲ ዓይኑን ማሳረፍ ያለበት በዚህ ጠባብ በር ላይ ነው።

የሉቃስ እጅና የብራንካሊዮን ግራ ክንድ

በደብረ ወርቅ ማርያም ከወንጌላዊው ሉቃስ እጅ የወጣች እንደሆነች ታምኖባት የምትከበር የእመቤታችን ሥዕል አለች። ይህን ትውፊት እንደ ታሪክ ማስረጃ ለመመዘን መሞከር ዋናውን ነገር ማጣት ይሆናል። ትውፊቱ ለሥነ ጥበብ የሚነግረን፣ ሠዓሊው መገልበጥን እንዴት ይመለከተው እንደ ነበር ነው። ሉቃስ እመቤታችንን በዓይኑ አይቶ ሣላት ከተባለ፣ ያንን ሥዕል የሚቀዳ ሁሉ የዓይን ምስክርነትን የሚያስተላልፍ ሰው ይሆናል። በዚህ እምነት ውስጥ ታማኝ ቅጂ ክብር ነበረው።

የሩቅ አገር ሥዕል በኢትዮጵያ ቤት ያገኘውም በዚሁ በር በኩል ነው። በሮም በቅድስት ማርያም ዐቢይ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የታወቀች የእመቤታችን ሥዕል እንዲሁ በሉቃስ ስም ትጠራለች። ይህች ሥዕል እንድትቀዳ እ.ኤ.አ. በ1569 ከተፈቀደ በኋላ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ቅጂዎቿን በያሉበት አሰራጩ፤ ወደ ኢትዮጵያም ገባች። ሚሲዮናውያኑ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ሲባረሩ ሥዕሊቱ አብራ አልወጣችም። የኢትዮጵያ ሠዓልያን የእጆቿን መደራረብ፣ በጣቶቿ የያዘችውን መሐረብና የሕፃኑን መጽሐፍ ጠበቁ። በግራና በቀኟ ግን ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙላት፤ ፊቷንም በአገሩ የመስመር ሥርዓት መልሰው ሣሉት። ከጊዜ በኋላ ይህ አሣሣል «ምስለ ፍቁር ወልዳ» በሚለው ስም ከምእመናን ልብ ጋር እስከ መዋሐድ ደረሰ። ዛሬ ይህን ሥዕል የውጭ ነው የሚል ምእመን ማግኘት ያዳግታል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ በሰላም አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ምድር ኖረ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአካል አግኝቶታል፤ አገሬውም መርቆሬዎስ ይለው ነበር። ከእጁ የወጡ ሥራዎች ጎጃም ውስጥ ተገኝተዋል። ዲያና ስፔንሰር የጎጃምን አድባራት ተዘዋውራ በሉቃስ ስም ስለሚጠሩት ሥዕሎችና ስለ ብራንካሊዮን ያደረገችውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥታለች። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ይህ ሠዓሊ እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች አድርጎ በመሣሉ ከፍተኛ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። ግራ የውርደት ወገን ነው፤ ጌታ እንዴት በግራ ይያዛል? ተባለ።

ዛሬ ወደ የትኛውም አጥቢያ የገባ ሰው ሕፃኑ በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ተቀምጦ ቢያይ አይደነቅም። በአንድ ዘመን ባዕድ ተብሎ የተወገዘው አያያዝ በሌላው ዘመን ሥርዓት ሆኗል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የተቆጡት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። በእነሱ የምልክት ቋንቋ ቀኝና ግራ ትርጉም ነበራቸው፤ ሠዓሊው ያንን ትርጉም ሳያውቅ ወይም ሳይጠነቀቅለት ነክቶታል። አያያዙ ተቀባይነት ያገኘው የአገሬው ሠዓሊ በራሱ የምልክት ሥርዓት ውስጥ ቦታ ካበጀለት በኋላ ነው።

ሦስተኛ ማስረጃ ደግሞ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመው ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ብዙ ሥዕሎች ነበሩት። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በጎንደር ዘመን ለተሣሉ የወንጌል ብራናዎች ምንጭ ሆነ። የቴምፔስታ ሥዕል ቀለም የለውም፤ ጥልቀትን በጥላና በርቀት ያሳያል፤ ሰዎቹ የጣሊያን ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ከዚያ የወሰደው የታሪኩን አደረጃጀት ነው፤ ማን ከማን ፊት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚንበረከክ፣ እጅ ወዴት እንደሚዘረጋ። ርቀቱን ትቶ ሜዳውን በቀለም ሞላው፤ ጥላውን ትቶ ቅርጹን በጥቁር መስመር ዘጋው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓይንን ሕግ አልለቀቀም። በአገራችን አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሃዲና ገራፊ ግን በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። በጣሊያን ሥዕል የፊት አቅጣጫ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው፤ በእኛ ሥዕል ግን ፍርድ ነው። ቅጂው ፍጥረት የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ጥበብና ጥለት

ሠዓሊው ዓይኑን የሞላው በሥዕል ብቻ አልነበረም፤ በልብስም ጭምር ነው። በቋንቋችን የቀሚስ ጥለት «ጥበብ» መባሉ፣ የሠዓሊው ሙያም «ጥበብ» መባሉ እንዲሁ የቃል አጋጣሚ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። ሸማኔውና ሠዓሊው አንድ ገበያ ይውላሉ፤ በብራናው አናት ላይ የሚሣለው ሐረግና በቀሚሱ ዳር የሚወርደው ጥለት አንዱ ሌላውን የሚያስታውስ የመስመር ሥራ ነው። በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ላይ የሚታየው የድንጋይ ጌጥም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእቴጌ እሌኒ ተመሥርቶ፣ በግራኝ ጦርነት ጠፍቶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ እንደ ገና የተሠራ በመሆኑ፣ በዚያ ያለፈ ሰው የብዙ አገር ጠራቢዎችን ጌጥ በአንድ ግድግዳ ላይ ያየ ነበር።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር ሥዕል መልኩን ቀየረ። ፊት በቀለም ጥላ መሞላት ጀመረ፤ የጀርባው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተሸጋገረ፤ ልብሱ በአበባ አሸበረቀ። ይህ አበባ ከሜዳ የተቀጠፈ አልነበረም። ከህንድ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ውድ ጨርቅ በቤተ መንግሥት ሲለበስ ሠዓሊው አይቶ የቀዳው ነው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው፣ እንዲህ ያለ ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው ተሥለዋል። ሰውነታቸው ትሕትናን ይናገራል፤ ልብሳቸው ሥልጣንን ይናገራል።

የዚህ ዘመን መንፈስ ወደ ሞጣ የሚወስድ የቤተሰብ ድልድይ አለው። ሞጣ ጊዮርጊስ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም ጋር የተያያዘ ደብር ነው። እሳቸው የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉን ወልደዋል። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር በጋብቻ የተሣሠረ ደብር ከመሬት ስጦታና ከንዋየ ቅድሳት ጋር የጎንደርን የዓይን ልማድም ይወርሳል። ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የጎንደር ፋሽን ምን እንደሆነ የሚያየው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ቦታ አንድ ሂሳዊ አስተያየት መሰንዘር ያስፈልጋል። ያሠራው ባለርስት በአበባ ልብሱ በሥዕሉ ግርጌ ስሙ ተጽፎ ይታያል፤ የሣለው እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። የገበሬው ነጭ ጋቢና ቁምጣም ከባለጸጋው ካባ እኩል ቦታ አላገኙም። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ወገኑን ጨርሶ አልረሳም። በተአምረ ማርያም ሥዕሎች፣ በተለይም በላዔ ሰብእ ለተጠማው ድዊ በእፍኝ ውሃ በሚሰጥበት ታሪክ፣ ድኻው ቦታውን ያገኛል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ፈረሰኛው ቅዱስ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሩቅ አገር ሰማዕት ነው፤ ፈረሰኛ ሆኖ መሣሉም ከምሥራቅ ክርስቲያኖች የመጣ ነው። በእኛ ሠዓሊ እጅ ግን ጫማውን አውልቆ፣ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በእርካቡ ቀለበት አስገብቶ እንደ አገሬው ፈረሰኛ ይጋልባል። የዲማም የሞጣም ታቦት በስሙ የሚጠራው ይህ ቅዱስ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ጎጃሜ ሆኗል። የሠዓሊው ጠባብ በር ይህችን የምታክል ናት፤ ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በሙሉ ያልፍባታል።

የፎቶግራፉ ፊት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሠዓሊው ሌላ ስንቅ አገኘ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሲሠራ፣ ሙያው ወደ ልጆቹ ተላለፈ። የነገሥታት ፊት በፎቶግራፍ፣ በገንዘብና በቴምብር ላይ ታትሞ እስከ ገጠር ገበያ ደረሰ። ከዚያ በፊት ሠዓሊው ንጉሥን የሚለየው በዘውዱና በጥላው ነበር፤ አሁን ግን በአፍንጫውና በጢሙ እንዲለየው ተጠየቀ።

በዚህ የሽግግር ዘመን የጎጃምን ሥዕል የሚወክል አንድ ሰው ቢጠራ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡት እኚህ ሊቅ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አካባቢ ተምረው ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም ለመሆን በቅተዋል። ስለ ጎጃም የጻፉት ዜና መዋዕል በግርማ ጌታሁን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። ሠዓሊና ዜና መዋዕል ጸሐፊ በአንድ ሰው መገናኘታቸው የሚያስረዳን ነገር አለ። ለእንዲህ ያለው ሠዓሊ ዋናው ስንቅ ማኅደረ ትዝታ ነው፤ የአባቶች ወሬ፣ የዘር ሐረግ፣ የጦርነት ምስክርነት። ፎቶግራፉ ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ መጣ፤ አንድ ቅጽበት፣ አንድ ብርሃን፣ አንድ ፊት።

ሁለቱ የሚስማሙበት ነጥብ መኖሩን መካድ አይቻልም። የያኔው ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ቀጥ ብሎ፣ ሁለት ዓይኑን ወደ ፊት ተክሎ ይቀመጥ ነበር። ይህ አቀማመጥ ከጻድቁ አሣሣል ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህም ፎቶግራፉ በሥዕላችን ውስጥ ቶሎ ዘመድ አገኘ። የሚጋጩበት ነጥብ ብርሃን ነው። በጥንቱ አሣሣል ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ቅዱሱ ራሱ ብሩህ ነውና ጥላ የለውም። በፎቶግራፍ ግን ግማሹ ፊት ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። ከፎቶ የተቀዳ ጥላ ያለበት ፊት በመስመር በተዘጋ፣ ጥላ በሌለው አካል ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሕጎች በአንድ አንገት ላይ ይጋጫሉ። ፊቱ ከሥዕሉ ውስጥ የበቀለ መሆኑ ቀርቶ ከውጭ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ይህ ግጭት በትምህርት መልክ መፍትሔ መፈለግ ጀመረ። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን መካከል ያደጉ፣ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። የአካል ጥናት፣ የርቀት ሕግ፣ የብርሃንና የጥላ አያያዝ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሥርዓት ተሰጡ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ያልደረሰበት የገጠር ሠዓሊ የተማረውን ሠዓሊ ሥራ በታተመ ወረቀት ብቻ እያየ ሲቀዳ፣ ጥላውን ወሰደ እንጂ የጥላውን ሕግ አላገኘም። የራሱንም ሕግ ከዚያው ጋር ጣለው። ከሁለት ቋንቋ ተወልዶ አንዱንም የማይናገር ሥዕል በየቦታው መታየት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

የቢቸናው ቄስ

ይህ መንገድ የግድ አልነበረም። ለዚህ ምስክር የሚሆኑት የቢቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው ቅስና የተቀበሉት፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሥዕል ሥራ የኖሩት እኚህ ሠዓሊ፣ ከአገር ውጭ ስማቸው ከታወቀላቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን መካከል ናቸው። ሬይመንድ ሲልቨርማን ስለ እሳቸው በሰፊው ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው መጽሐፍ አሳትሟል። ከቢቸና የወጣ ቄስ ሥራ በአሜሪካ ሙዚየም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሲወጣለት፣ በአገር ቤት ሥራቸውን የሚመረምር የሂስ ጽሑፍ እጅግ ጥቂት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ቄስ አዳሙ የሚሥሉት ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከቅዱሳን ገድል፣ ከኢትዮጵያ ታሪክና ከሕዝቡ የዕለት ኑሮ ነው። የወረሱት ስንቅ ሁሉ በሥራቸው ይታያል። ትላልቆቹ ዓይኖች፣ በጥቁር መስመር የተዘጋው አካል፣ እርስ በርሱ የተደራረበው ሕዝብ ከአባቶች የመጣ ነው። የእሳቸው የሆነው ነገር የመስመሩ እንቅስቃሴ ነው። በጥንቱ ሥዕል መስመር ቅርጽን ያጥራል፤ በእሳቸው እጅ መስመሩ ራሱ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ይሮጣል። የልብሱ እጥፋት ከአካሉ እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ይዞራል። ዓይኑ ከጻድቅ ምልክትነቱ አልፎ የሚያየውን ሰው ስሜት ይናገራል። ዘመናዊውን ዓለም አላዩም ማለት አይቻልም፤ በዋና ከተማው ኖረዋል፣ የታተመ ሥዕልም ፎቶግራፍም በዙሪያቸው ነበር። ግን ከፎቶግራፉ ጥላውን አልወሰዱም። ፎቶግራፍ የሚያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፊት እንዳለው ነው፤ በእሳቸው ሕዝብ በበዛበት ሥዕል ውስጥም ሰው ከሰው ይለያል። ይህን ልዩነት ያመጡት በጥላ ሳይሆን በመስመር ነው። በቢቸና የተማሩትን ሕግ ሳይጥሱ አሰፉት።

በዚህ ሙያ ላይ የተጋረጠውን ፈተና ግን ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሁለተኛ ገዥ አግኝቷል፤ እሱም የአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቅና በዚያ የሚገዛው ቱሪስት ነው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል ተሥሎ የሚሸጠው ለዚህ ገበያ ነው። ደብሩ ሥዕሉ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ገበያው ደግሞ ሥዕሉ እንዲደገም ይጠይቃል። ማወቅና መድገም ሲምታቱ ሠዓሊው የራሱን ሥራ መቅዳት ይጀምራል። ከራስ መቅዳት ከሌላ ከመቅዳት የባሰ ድካም ነው፤ ምክንያቱም የሚጋፋው ባዕድ ነገር የለምና እጁ አይነቃም። የቄስ አዳሙ ምርጥ ሥራዎች ዋጋ የሚጎላው ይህን ፈተና በዓይናችን ፊት ይዘን ስንመለከታቸው ነው።

ልጥፍና ውሕደት

እስካሁን የታየው ሲጠቃለል፣ ሠዓሊ የሰበሰበውን ሁለት ነገር ሊያደርገው ይችላል፤ ይለጥፈዋል ወይም ያዋሕደዋል። በልጥፍ ሥራ የመጣው ነገር ከነገጹ ይቀመጣል፤ ጥላው፣ የቆዳው መለስለስ፣ የልብሱ ብልጭታ። በውሕደት ግን የመጣው ነገር የቤቱን ሕግ ይማራል። የጣሊያኑ ወታደር አንድ ዓይን ይቀርለታል፤ የህንዱ ጨርቅ ሐረግ ይሆናል፤ የሩቅ አገሩ ፈረሰኛ ጫማውን ያወልቃል።

ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች የሚታየው ልጥፍ ነው፤ ያውም በቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም። ቀድሞ ሠዓሊው በአቡጀዲ ላይ ሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ የነበረውን ሥዕል፣ አሁን በማሽን የታተመ አንጸባራቂ ሥዕል እየተካው ነው። የታተመው ሥዕል ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀለሙም ያብረቀርቃል። ምእመኑ ደብሩን ለማሳመር ካለው ቅን ፍላጎት የሚያደርገው በመሆኑ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን አዲሱ ሲለጠፍ አሮጌው ይላጣል፤ አሮጌው ሲላጥ ደግሞ የሚጠፋው አንድ ሥዕል ብቻ አይደለም። ቀጣዩ ሠዓሊ ዓይኑን የሚሞላበት ስንቅ አብሮ ይጠፋል። በሥዕል ላይ ያለ ዝርፊያ ምን እንደሆነ ከመቅደላ በላይ የሚያስተምር የለም። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይሄዱ የነበረው «ኵርዓተ ርእሱ» በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጣው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ከአገር ወጥቷል። የጎጃም ግድግዳ ሥዕል ግን ወራሪ ጦር ሳይመጣበት፣ በራሳችን መልካም ፈቃድ ሊጠፋ ይችላል።

ስለሆነም በዚህ ረገድ የሚመለከታቸው ወገኖች ድርሻ ግልጽ ነው። የባህል ሠራተኛው የቅርስ መዝገብ ሲይዝ የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የሠዓልያኑን ንድፍ፣ በወረቀትና በብራና ቍራጭ ላይ ያለውን ረቂቅ፣ ቀለም የተቀመመበትን ዘዴ ጭምር ይመዝግብ። የደብሩ አስተዳደርና ሰበካ ጉባኤው አሮጌው አቡጀዲ ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ እንዲነሣ ያድርጉ። ፎቶግራፉ እስካሁን ከሥዕላችን ብዙ ወስዷል፤ በዚህ ሥራ ብድሩን ሊመልስ ይችላል። መምህራን የቢቸናንና የሞጣን ተማሪዎች ወደ ዲማ፣ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ይውሰዷቸው፤ የፈረሰኛውን አውራ ጣት፣ የገራፊውን አንድ ዓይን፣ የእመቤታችንን ግራ ክንድ እያሳዩ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቋቸው። ሥዕልን በቃል ከማስተማር ይልቅ እንዲህ ባለው ጥያቄ ማስተማር ይቀልላል።

ወጣቱ ሠዓሊ ደግሞ መሰብሰብን አይፍራ። ከሮምም ከህንድም፣ ከፎቶግራፍም ከልብስ ገበያም ዓይኑን ይሙላ፤ ቀደምቶቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው የሰበሰበውን ሁሉ የሚያስገባበትን ቤት ሕግ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሕጉን የማያውቅ ሠዓሊ የሰው ዕቃ የተከመረበት መጋዘን ይሆናል፤ ሕጉን የሚያውቅ ግን በጉባኤ ቆሞ እንደሚዘርፈው የቅኔ ተማሪ ያልታየውን ያሳያል።